ከግንባር የሚመጣልኝ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው

የሚጡ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የናንተን ጽሑፍ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ራሴ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ቢረዝምባችሁ ይቅርታ።

ባለቤቴ ከዘመተ ሰባት ወር አለፈው። የት እንዳለ አልጽፍም፤ እኔም በትክክል አላውቀውም። ምሽጉ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ የሚገኘው ከኋላቸው ባለች አንዲት ኮረብታ ላይ ነው፤ እዚያ ለመውጣት ደግሞ ተራ አለ። ተራው አንዳንዴ በአራት ቀን ይደርሰዋል፣ አንዳንዴ በአሥራ ሁለት ቀን። ሲወጣ ስልኩ የተጠራቀመውን መልእክት በአንዴ ያዘንብበታል። ከዚያ ለኔ ይጽፋል። ሁለት ቃል።

«ደህና ነኝ።»

አለቀ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። 14 «ደህና ነኝ» ተደርድረዋል። አንዷ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ የላትም። በእሷ የተነሳ እንቅልፍ አጣሁ። ቸኩሎ ነው? እጁን ተመትቶ ነው? አትሳቁብኝ።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። ከጎኑ የሚተኛው ጓዱ እንዴት እንደሚያንኮራፋ ይጽፍልኝ ነበር። አንዴ አይጥ የካልሲውን ጫፍ በልታበት፣ አውራ ጣቱ ብቅ ብሎ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከሥሩ «ጠላት ሰርጎ ገብቷል» ብሎ ጽፎበት። ያቺን ፎቶ ዛሬም ከፍቼ እስቃለሁ።

ሲደውልም ያው ነው። ከኋላው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል።

— ደህና ነህ?
— ደህና ነኝ። እናንተስ?
— ደህና ነን።
— ሚጡስ?
— ደህና ናት።
— በሉ እሺ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።

ይዘጋል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እቀራለሁ። ስንት ነገር አስቤ ነበር እኮ!

አንድ ያጠፋሁትን ልናገር። ከወር በፊት አንድ ሌሊት ደሜ ፈላና ስምንት መልእክት አከታትዬ ላክሁበት። «ረስተኸናል» ከሚለው ጀምሮ እዚህ ለመጻፍ እስከማፍርበት ድረስ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በረድ ሲልልኝ የመጨረሻውን ላክሁ፤ «ይቅርታ፣ ደክሞኝ ነው። ቀዳሚዎቹን አታንብባቸው።» ጠዋት ሳየው ሰባቱ ደርሰዋል። ይቅርታዬ ግን አንድ ቲክ ላይ ቆሟል። ያቺ መልእክት የደረሰችው ሌላ ተራ ሲያገኝ ነው፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያንን ስድብ ይዞ ጥበቃ ሲያድር ነበር ማለት ነው።

አማቴ «ግንባር ላለ ሰው ወሬ አታብዢበት» ትለኛለች። እውነቷን ይሆን? መጻፌን ልተው? ወይስ እንዲያወራኝ የማደርግበት መላ አለ? ያለፋችሁበት ንገሩኝ።


የኮረብታው ተረኛ፦

እህቴ፣ እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ባልሽ ባለበት ሁኔታ ነበርኩ። ኮረብታው ይለያይ ይሆናል እንጂ ተራው ያው ነው።

ከወዲያ በኩል ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ስልኩን ስከፍት ባትሪው 9 ፐርሰንት ነው። መልእክቱ ጢር ጢር ጢር ይላል፤ ከሚስቴ ብቻ 30 ምናምን። ለማንበብ ብሞክር መልስ መጻፊያ ጊዜ የለኝም። ልጻፍ ብል ያላነበብኩትን ምን ብዬ ልመልስ? ከኋላዬ ያለው ልጅ ትከሻዬን ይነካኛል። «ደህና ነኝ» ጽፌ እወርዳለሁ። ስወርድ ደግሞ መንገዱን ሙሉ መጻፍ የነበረብኝ ነገር ይመጣልኛል። ያናድዳል።

ሌላው፣ የዚያን ቀን ያየሁት ለሚስት የሚጻፍ አይደለም። ምንም ባላየሁበት ቀን ደግሞ የሚጻፍ የለም። አሸዋ ነው፣ ጥበቃ ነው፣ እንቅልፍ ነው።

ባክሽ «የት ነህ?» አትበይው። ቢያውቅም አይነግርሽም፤ ካልነገረሽ ደግሞ ሁለታችሁም ይከፋችኋል። ስልክ ማብራት ራሱ እዚያ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ዩክሬን ውስጥ ማኪይቭካ በምትባል ከተማ የሩሲያ ወታደሮች ያረፉበት ሕንፃ በሮኬት ሲመታ፣ የራሳቸው መከላከያ ሚኒስቴር 89 ሰው መሞቱን አምኗል። ዋናው ምክንያት ልጆቹ ስልክ ማብራታቸው ነው ነበር ያለው። (ጥፋቱን በሟቾች ላይ አላከኩ የሚሉም ብዙ ነበሩ፤ እሱን ተዪው።) አዛዡ «ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ አጥፉ» ካለ እልከኛ ሆኖ ላይሆን ይችላል።


ቆፍጣናው፦

አማትሽ ልክ ናቸው። ግንባር ያለ ሰው ሐሳቡ አንድ ቦታ መሆን አለበት። የቤት ጣጣ አትንገሪው። ደህና ነኝ ካለሽ ደህና ነው። ተመስገን በይና ልጅሽን አሳድጊ።


ጡረተኛው ሬዲዮ ኦፕሬተር፦

ልጄ፣ እኔ ስልክ ባልነበረበት ዘመን ነው ወታደር የነበርኩት። ሥራዬ ሬዲዮ ነበር።

በመጀመሪያ፣ «ደህና ነኝ» አዲስ በሽታ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ለወታደሮቹ አንዲት ፖስታ ካርድ ያድል ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹ ቀድመው ታትመውባታል። «ደህና ነኝ»፣ «ሆስፒታል ገብቻለሁ»፣ «ደብዳቤሽ ደርሶኛል»፣ «ደብዳቤ ካገኘሁ ቆየሁ»። ወታደሩ የማይሆነውን ይሰርዛል፣ ቀንና ፊርማ ያኖራል። ሌላ ነገር የጨመረ እንደሆነ ካርዱ እንደሚወገድ እዚያው ላይ ተጽፏል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሚስት በእጇ የሚገባው ስርዝ ብቻ ነበር። ብዕሩ ጠንከር ብሎ ይሁን ላላ ብሎ የሰረዘው፣ እሱን ስታይ ትውል ነበር ብዬ እገምታለሁ። እንዳንቺ አራት ነጥብ።

በቬትናም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሜሪካኖቹ በሬዲዮ ነበር ቤታቸው የሚደውሉት። አገር ቤት ያሉ በጎ ፈቃደኛ አማተር ኦፕሬተሮች የሬዲዮውን ድምፅ ከስልክ መስመር ጋር ያገናኙላቸዋል። በሬዲዮ አንዱ ሲናገር ሌላው መስማት ብቻ ነው። ስለዚህ ሚስቲቱ «እወድሃለሁ» ካለች በኋላ «ኦቨር» (ጨረስኩ፣ ተራው ያንተ ነው) ማለት አለባት፤ ያኔ ኦፕሬተሩ ማብሪያውን ይገለብጣል። መሃል ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል። እንደዚያ ሆኖ ማን የሆዱን ይናገራል?

እኔም በመሃል ካሉት አንዱ ነበርኩ። ጓዶቼ መልእክት ሊያስተላልፉ ይመጣሉ። «ደህና ነኝ በልልኝ።» «ሌላስ?» እላለሁ። «ሌላማ ምን አለ።» ግን አይሄዱም። ቆመው ይቀራሉ፤ እግራቸው አይነሳም። አንዱ እንዲሁ ቆሞ ቆሞ፣ ሊወጣ በር ላይ ደርሶ ተመለሰና «ጣሪያው አሁንም ያፈሳል ወይ በላት» አለኝ። ላክሁለት። በሳምንቱ «አዎ፣ ከአልጋው በላይ ያለው ብቻ» የሚል መልስ መጣ። ሰውዬው ወረቀቷን ኪሱ ከትቶ ለወር ያህል ያንን ጣሪያ በሐሳቡ ሲደፍን ከረመ። ለአገኘው ሁሉ ቆርቆሮው እንዴት እንደሚነባበር ያስረዳል። ሰለቸን በእውነት።

ለቆፍጣናው፦ ወንድሜ፣ ሐሳቡ አንድ ቦታ የሆነ ወታደር እኔ አላየሁም።


ሦስት ዘመቻ የጠበቅኩ፦

የሚጡ እናት፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። እሱ የሚጽፍልሽን ነግረሽናል። አንቺስ ምን ትጽፊለታለሽ? ያ ተቆጥተሽ የላክሽው ይቅርና፣ በደህናው ቀን የምትልኪለትን ማለቴ ነው። ወደ ላይ ገፋ አድርጊና የራስሽን መልእክቶች አንብቢያቸው።


የሚጡ እናት፦

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ የጣሪያው ነገር አሳቀኝም አስለቀሰኝም። እርስዎን የመሰለ ሰው መሃል ላይ ካለ መስማቱ አይከፋም።

ሦስት ዘመቻ የጠበቅሽው እህቴ፣ እንዳልሽኝ ወደ ላይ ሄጄ አነበብኩ። አፈርኩ። «ደህና ነን።» «ሁሉ ሰላም ነው።» «ሚጡ ደህና ናት፣ አታስብ።» «ለምን አትደውልም?» «ደህና ነን።» የኔም ያው ነው።

ከዚህ በፊት ያልጻፍኩት ነገር አለ። ከሦስት ወር በፊት ሚጡ የሳንባ ምች ይዟት አራት ሌሊት ሆስፒታል ተኝተናል። ወንበር ላይ ነበር የማድረው። ከዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው «ደህና ነን፣ አታስብ» ብዬ የጻፍኩለት። ምን ያድርግ ብዬ ነው፤ ከዚያ መጥቶ አያስታምማት። ልጅቷ ድና ወጣች፣ እኔም ነገሩን ዋጥ አድርጌ ተውኩት።

ለካ የጓዱ ሚስት ሆስፒታል አይታን ኖሯል። ለባሏ ነገረችው፣ ባሏ ለባሌ። ኮረብታው ላይ ተራ ሲጠብቁ «ልጅህ ተሻላት?» ሲለው አስቡት። የዚያን ቀን ደውሎ «ለምን ከሰው እሰማለሁ?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም «ብነግርህ ምን ልታደርግ ነበር?» አልኩት። ዝም አለ። የአይጧም ፎቶ፣ የጓዱም ማንኮራፋት የቆመው ከዚያ ወዲህ መሆኑን ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ቀኖቹን አስተያየኋቸው።


ሦስት ዘመቻ የጠበቅኩ፦

ይኸውልሽ። አንቺ «ደህና ነን» ብለሽ ሆስፒታል ነበርሽ። አሁን እሱ የ«ደህና ነን»ሽን ትርጉም ያውቀዋል። አንቺም የሱን «ደህና ነኝ» አታምኚውም። ሁለታችሁም በደግነት ትዋሻላችሁ። እኔና ባሌ የመጀመሪያውን ዘመቻ ያሳለፍነው እንዲሁ ነው። ሲመለስ እንደ እንግዳ ነበር የተያየነው።

እኔን የረዳኝን ልንገርሽ። ያንቺ ባል ሌላ ሰው ነው፤ የሚሆንሽን ውሰጂ።

መልእክትሽን ቁጥር ስጪው። «ቁጥር 1»፣ «ቁጥር 2»። ተቀዳድሞ ቢደርስበት እንኳ የቱ የቱን እንደሚከተል ያውቃል። እሱም ጊዜ ሲያጣ «እስከ 6 አንብቤአለሁ» ቢልሽ ይበቃል፤ ከ«ደህና ነኝ» ይሻላል፣ አንብቦሻላ። በቀን አንድ ብቻ ላኪ። 30 መልእክት ሲዘንብበት ምን እንደሚሆን ከላይ ወንድማችን ነግሮሻል።

አንዱ መልእክት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይኑር። ትንሽ ነገር። ሚጡ ጥርሷ ተነቅሎ የት እንደደበቀችው፣ የትኛው ጎረቤት ከማን ጋር እንደተኳረፈ። «ናፈቅከን» ጥሩ ነው ግን መልስ የለውም። ከተቻለ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ጠይቂው። ቤት ውስጥ እሱ የሚሠራው የነበረ፣ አሁን እጅሽ ላይ የቀረ ነገር አይጠፋም መቼም።

ክፉ ነገር ሲመጣ፣ እኔ አልደብቅም። ግን መጨረሻውን ይዤ ነው የምነግረው። «ታማ ነበር፣ አራት ቀን ተኛን፣ ትናንት ወጣን፣ አሁን አጠገቤ ትለፈልፋለች።» ያላለቀ ከሆነ ደግሞ ማን እየረዳኝ እንደሆነና መቼ እንደገና እንደምጽፍ እጨምርበታለሁ። ሰው የሚያብደው ባወቀው ሳይሆን ግማሹን ባወቀው ነው። ቁጣሽን በደብተር ጻፊው፣ ይደር። ጠዋት አሁንም እውነት ከሆነ ትልኪዋለሽ። የኔ ደብተር ሁለት ሞልቷል፣ የላክሁት ሦስቱን ነው።

ዝምታውንም ተነጋገሩበት። «ስንት ቀን ድምፅህን ባልሰማ መጨነቅ ልጀምር?» ብለሽ ጠይቂው። ባሌ «20» አለኝ። እስከ 20ኛው ቀን መተኛት ቻልኩ። ከዚያ ካለፈ ለማን እንደምደውልም ነግሮኛል፤ የክፍሉን የቤተሰብ ጉዳይ ኃላፊ ስልክ በወረቀት ጽፎ ትቶልኝ ነበር። አንቺ ከሌለሽ ዛሬውኑ ጠይቂው።


ደብዳቤ ሰብሳቢ፦

ርዕሱ ስለሳበኝ ነው፤ እኔ ወታደርም የወታደር ሚስትም አይደለሁም። የድሮ ደብዳቤ እሰበስባለሁ።

መልእክት መዘግየቱን እንደ መቀዝቀዝ የምታዩት ካላችሁ አንድ ታሪክ ላካፍል። እ.ኤ.አ. በ1945 መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ ለአሜሪካ ወታደሮች የተጻፈ ደብዳቤና ጥቅል ተቆልሎ ተቀምጦ ነበር። ወደ 17 ሚሊዮን ይጠጋል ይባላል። የገናው ጥቅል ውስጥ አይጥ ገብቶበታል። እንዲያደርሱ የተላኩት 6888ኛው የፖስታ ሻለቃ ናቸው፤ ጥቁር አሜሪካዊያት ሴቶች፣ አዛዣቸው ሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ። በሦስት ፈረቃ ቀንና ሌሊት ሠሩ። ተመሳሳይ ስም ያለው ወታደር በሺህ ስለሚቆጠር በመለያ ቁጥር ነበር የሚለዩት። አንዳንዱ ፖስታ ላይ የተጻፈው የቁልምጫ ስም ብቻ ነው። ስድስት ወር የተሰጣቸውን በሦስት ወር ጨረሱት።

ያን ሁሉ ጊዜ ወታደሩ «ሚስቴ ረሳችኝ»፣ ሚስቲቱ «ባሌ ተለወጠ» ሲባባሉ ነበር። ደብዳቤው ግን ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። የእህታችን የይቅርታ መልእክት አንድ ቲክ ላይ መቆሟን ሳነብ ያ መጋዘን ነው ትዝ ያለኝ።


ስም አልጠቅስም፦

ይህ አያስፈልግሽ ይሆናል፣ ግን ሌላ አንባቢም ስላለ ልጻፈው። የኔ ባል ድምፁ ለወራት ጠፍቶብኝ ነበር። ያኔ ማንም ያልነገረኝን በኋላ ነው ያወቅሁት።

በ1949 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የተማረከ ወታደር ካምፕ በደረሰ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡ መማረኩንና ጤንነቱን የሚገልጽ ካርድ እንዲጽፍ ሊፈቀድለት ይገባል። ከዚያ በኋላም ቢገደብ እንኳ በወር ከሁለት ደብዳቤና ከአራት ካርድ ያነሰ እንዳይሆን ተጽፏል። ይከበራል ወይ ለሚለው፣ ሁልጊዜ አይከበርም። የቀይ መስቀል መልእክት የሚባልም አለ። ፖስታው ሳይታሸግ፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ተጽፎበት የሚላክ ነው። የቅርባችሁን የቀይ መስቀል ቢሮ «የጠፋ ቤተሰብ ፍለጋ» ብላችሁ ጠይቁ። የምትሄዱት ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ መጨረሻ የተገናኛችሁበትን ቀን ይዛችሁ ይሁን። እኔ የልደት ቀኑን ተሳስቼ ተመልሼ ሄጃለሁ፤ በዚያ ጭንቅ ሰው ምኑን ያስታውሳል።

የኔው ሰውዬ መጥቷል። ይኸው አሁን ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ይረብሸኛል።


የሚጡ እናት፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ቁጥር 1ን ጻፍኩ። የሆስፒታሉን አራት ሌሊት፣ ከትኩሳቷ ጀምሮ፣ ወንበሩን፣ ሦስተኛው ሌሊት ላይ ሚጡ «የአባዬ አልጋም እንዲህ ጠባብ ነው?» ማለቷን፣ ሁሉንም። መጨረሻው ላይ «መደበቄ ልክ አልነበረም» አልኩ። ላክሁና ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። አንድ ቲክ ሲሆን ማየት አልፈለግሁም።

ቁጥር 2 ላይ ስለ መኝታ ቤቱ በር ጻፍኩ። ከሄደ ወዲህ በሩ ወለሉን እየፋቀ ነው የሚከፈተው፤ ሌሊት ስከፍተው ሚጡን ይቀሰቅሳታል። «ምን ላድርገው?» አልኩት። ቁጥር 3 የሚጡ ጥርስ ነበር። ትራስ ውስጥ ነው የደበቀችው፤ «አባዬ ሲመጣ ያያታል» ብላ። እስከ ቁጥር 8 ደረስኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን መለሰ። «ደህና ነኝ» አላለም። መጀመሪያ የጻፈው «እስከ 8 ደርሶኛል» ነው። ስለ ሆስፒታሉ አንድ መስመር ብቻ፦ «ቁጥር 1ን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛ ብቻሽን እንዳታድሪ።» ስለ በሩ ግን አሥራ አንድ መስመር! የቱ ማጠፊያ እንደላላ እንዴት እንደማውቅ፣ ብሎኑ ካልያዘ ቀዳዳው ውስጥ የክብሪት እንጨት ሰብሬ እንድከት፣ በሩን ከሥር በመጽሐፍ ደግፌ እንድይዝ። በካርቶን ላይ ሥዕል ስሎ ፎቶውን ልኮልኛል። ካርቶኑ ጥግ ላይ አውራ ጣቱ ይታያል። ጥፍሩ ጠቁሯል። ምን ሆኖ ነው ብዬ ለቁጥር 9 ይዤዋለሁ።

ስንት ቀን ልጠብቅ ያልኩትንም መልሷል፤ «18» ብሏል። ለምን 18 እንደሆነ አላወቅሁም።

ጋሼ፣ የላይኛው ማጠፊያ ነው የላላው። ካቻቢቴው የት እንዳለ ግን አልነገረኝም፤ ቤቱን ገልብጬ ፈለግሁት፣ የለም። እሱንም ቁጥር 9 ላይ እጨምረዋለሁ።